ቋንቋችንን የማትችለው መምህርት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ? ያቺ ቅመም ልጅሽስ እንዴት ሰነበተች? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ነው እንጂ ሜዳ ላይ ጭምት ነው። ይሄን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ልትወጪ በር ላይ የቆምሽ ትመስያለሽ፣ እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ መቼ እንደምጨርስ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ።

ትምህርት ቤታችን ለሁለተኛ ክፍል ስፓኒሽ ጀምሯል ብዬሽ አልነበር? የክፍሉ ረዳት ስለሆንኩ አብሬ እገባለሁ። እርሳስ እቀርጻለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከልጆቹ እኩል ይማራል። ለምን እንደሆነ አይጠፋሽም። ያን ቀን ስፓኒሽ እንጂ የኛን ቋንቋ የማትሰማው ልጅሽ ስልኩን ይዛ "ኦላ፣ አቡዌላ" ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ "አንጀቴ፣ እንዴት ነሽ?" ስላት፣ ዝም አለች። እኔም ዝም። አንቺ መሀል ገብተሽ ለእሷም ለእኔም ስታስተረጉሚ፣ ስልኩን ጥላ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። አልፈርድባትም፣ ምን ታድርግ፣ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። አቡዌላ ማለት አያት መሆኑን ከነገርሽኝ ጀምሮ ግን ያቺን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዣት ነው የምዞረው።

እና ያ የስፓኒሽ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ተብሎ ባለፈው ቅዳሜ ወላጅ ተሰበሰበ። እሱን ከመንገሬ በፊት መምህርቷን ላስተዋውቅሽ።

ማየስትራ ነው የምንላት፤ በስፓኒሽ መምህርት ማለት መሆኑን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት። የኛው ሰው ናት፤ ውጭ ብዙ ዓመት ኖራ፣ ተምራ የመጣች። መምህራን ማረፊያ ስትገባ ወሬዋ ወፍጮ ነው፤ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ ሽሙጡ፣ አንዱ አይቀራት። ልጆች ፊት ግን ከአፏ አንዲት የኛ ቃል አትወጣም። ክፍል ውስጥ ብቻ እንዳይመስልሽ! ግቢው ውስጥም፣ በሩ ላይም፣ ሻይ ለመግዛት ተሰልፋም ቢሆን፣ ልጅ ካየች ስፓኒሽ ብቻ ነው። ውሃ ለማለት "አግዋ፣ አግዋ" እያለች ጉሮሮዋን ይዛ ልትሞት ትደርሳለች፤ ልጆቹ ብርጭቆ ይዘው ይሯሯጣሉ። ዝናብን ልታስተምር ጃንጥላ ዘርግታ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እዚያ እናንተ ዘንድ ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል ለማለት ደግሞ ምንጣፍ አንጥፋ አንኮራፋች። ልጆቹም ተከትለዋት አንኮራፉ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ሲከፍት ክፍሉ በሙሉ ተኝቷል፤ እኔን ጨምሮ። የኔውስ የእውነት ነበር።

እና ልጆቹ ምን ብለው አመኑ መሰለሽ? ቋንቋችንን ጭራሽ አትችልም ብለው!

"መልኳ ግን እኮ እኛን ይመስላል" አለ አንዱ ሲጠራጠር።

"መልክና ቋንቋ ምን አገናኛቸው? ቋንቋው ሳይደርሳት ቀርቶ ነው" ብላ አፉን አስያዘችው ሬዲዮ። ሬዲዮ የምንላት አንዲት ልጅ ናት፤ መክፈቻ እንጂ መዝጊያ የላትም።

ከዚያ በኋላማ ፊቷ ቆመው ያሟት ጀመር። "ይሄን ሹራብ ትናንትም ለብሳዋለች።" "ጥርሷ ትልቅ ነው፤ ግን ታምራለች።" ማየስትራ ወደ ሰሌዳው ትዞራለች፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ በመሐረብ አፌን እይዛለሁ።

አንድ ቀን ሬዲዮ እጄን ጎትታ ጥግ ወሰደችኝ።

"እትዬ፣ ማየስትራ ቤቷ ስትገባ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"እኔ እንጃ።"

"ዳቦ ስትገዛስ?"

"በእጇ ታሳያለች መሰለኝ።" አየሽ፣ እኔም ውሸቱ ውስጥ ገባሁ።

ጥቂት አሰበችና "ታሳዝናለች። በቃ፣ እኛ ቶሎ መልመድ አለብን" አለች። ሄዳም ለክፍሉ አወጀች። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት ተራ እየገቡ ያጫውቷታል። ጨዋታው ምን መሰለሽ፣ "ዝናብ። ድመት። እናቴ ትልቅ።" በስፓኒሽ ያለችው ይቺው ናት። እሷ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሰምታ የማታውቅ ይመስል ዓይኗን አፍጥጣ ታዳምጣለች፣ ትደነግጣለች፣ "እና ከዚያስ?" ትላለች። እነሱም ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ለመናገር ሲሉ ቃል ፍለጋ ይሮጣሉ። እኛ ስንማር ቋንቋ የሚገባን በኩርኩም ነበር። በርኅራኄ የሚገባ ቋንቋ ግን ያየሁት እሷ ዘንድ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ስኖር ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፣ እሷን የሚያህል አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የሬዲዮ አባት ነው፤ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ፣ ቅን ግን ግትር ሰው። ከስብሰባው ቀደም ብሎ ማየስትራን በር ላይ አቁሞ "ልጄ ሂሳብ ላይ እየተንፏቀቀች ይሄን ደግሞ ከማን ጋር ልታወራበት ነው?" ሲላት ነበር። እሷም ልጅ አለመኖሩን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ በኛው ቋንቋ ጥርት አድርጋ መለሰችለት። አልተዋጠለትም። ነገሩ ለስብሰባ ቀረበ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጆቹ መዝሙር ያቀርባሉ ተብለው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ርዕሰ መምህሩ ምስኪን፣ ልጆቹ ምን እንደሚያምኑ የሚያውቀው ነገር የለም፤ "መምህርቷ ራሷ ጥቅሙን ለወላጆች ታስረዳና በእጅ ብልጫ እንወስናለን" አለ። ማየስትራ ተነሣች። ልጆቹን አየች፣ ወላጆቹን አየች፣ ከዚያ እኔን። በኛ ቋንቋ ከተናገረች፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያዘኑላትን ሴት ያጧታል። ካልተናገረች ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ እኔም ከአንዲት "አቡዌላ" ሳላልፍ ቀረሁ።

ገና አፏን ስትከፍት ሬዲዮ ብድግ አለች።

"ተዉአት! አትችልም እኮ! እኔ እነግርላታለሁ።"

አባትየው "ምን አትችልም ትያለሽ፣ ባለፈው በር ላይ…" ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ እግሩን ረገጠችው። የረገጠችው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

"አንተ ዝም በል" አለችው በጥርሷ መሀል፤ "ልጅቷ ታስተርጉም።"

ለካስ እናቶቹ ሁሉ ነገሩን ያውቁታል! ልጆቻቸው እራት ላይ ስለ ምስኪኗ ማየስትራ ሲያወሩ እየሰሙ፣ አንዳቸውም ምሥጢሯን አላወጡባትም። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና ተቀመጠ።

ማየስትራም በስፓኒሽ ጀመረች፣ ቀስ እያለች። ሬዲዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከተላታለች።

"እዚያ አገር ልጅ ሁለት ስም ይከተለዋል ትላለች። የአባቱ ወገንና የእናቱ ወገን።"

"ወገን አላለችም!" አለ አንዱ ከወለሉ።

"አንተ ነህ የቆምከው እኔ ነኝ? እኛም ክፍል ውስጥ የእናቶቻችንን ስም እንጨምራለን ትላለች። ተነሡ ብላለች።"

ልጆቹ እየተነሡ ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ ቀጥለው የእናታቸውን ስም ተናገሩ። አንቺ እዚያ ለምደሽው ምንም አይመስልሽ ይሆናል። እዚህ ግን እናት ትምህርት ቤት ስትመጣ የእገሌ እናት ናት እንጂ ስም የላትም። አንዷ ስሟ ሲጠራ "አቤት!" ብላ ተነሥታ ቆመች። አዳራሹ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አልተቀመጠችም።

አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እሺ፣ ጠይቂያት እስኪ። ላንቺ ምን ይጠቅምሻል?"

ሬዲዮ በተሰባበረ ስፓኒሽ ጠየቀች። ማየስትራ መለሰች፣ ረዘም አድርጋ። ሬዲዮ ራሷን እያከከች "አላውቅም፤ ሲያድጉ እነሱ ይነግሩሃል ብላለች" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከራሷ ጨመረች። "ግን አባዬ፣ ብትዘጉት ከማን ጋር ታወራለች?"

ሰውየው ሚስቱን አየ። ማየስትራን አየ፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። "እሱማ… እሱማ እውነት ነው" አለ። መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

ልጄ፣ አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ሬዲዮ ሳትተረጉመው የዘለለችው ነገር ነበር። ማየስትራ "እነዚህ ልጆች ለእኔ ብለው ነው የተማሩት፤ እኔ ምንም አላስተማርኳቸውም" ነበር ያለችው። ገባኝ! ማንም ሳያስተረጉምልኝ፣ ሙሉ በሙሉ ገባኝ! እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ስብሰባው ተበተነ።

በኋላ ማረፊያ ክፍል ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እትዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምኖረው? ዙሪያዬን ሳላይ ቲማቲም መግዛት አቃተኝ እኮ!" ራስሽ ያመጣሽው ነው፣ ቻይው አልኳት።

በዚህ ክረምትም መምጣት እንደማይመቻችሁ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ሥራ ነው፣ ይገባኛል። ለእሁዱ ስልክ የተለማመድኩት ነበረኝ። ድስት እያጠብኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ልጅሽን ስለ ወለቀው ጥርሷ የምጠይቃትን፣ ስለ ጓደኞቿ የምላትን ሁሉ በስፓኒሽ አሰናድቼ ነበር። ተውኩት። ቅዳሜ ሬዲዮን ካየሁ ወዲህ ሐሳቤን ለውጫለሁ።

ስፓኒሽ መልመዴን ለልጅሽ እንዳትነግሪያት፤ አደራሽን። እሁድ ስልኩን ስጫትና አንቺ ወደ ሌላ ክፍል ግቢ፣ አታስተርጉሚ። እኔ በራሴ ቋንቋ አወራታለሁ። ዝም ብትልም ግድ የለም፣ እጠብቃታለሁ። ብትጠይቅሽ፣ አያትሽ ሌላ ቋንቋ አትችልም፣ ቤቷ ስትገባም የሚያናግራት ሰው የለም በያት። የቀረውን ለእሷ ተዪላት። ልጅ እንዴት አታልላለሁ ብለሽም አትጨነቂ፤ ይሄን ያህል ውሸት የለበትም።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም፤ ቤታችሁ ሳቅና ጤና አይጣ። ልጅሽን አንዴ በእኔ፣ አንዴ በአባትሽ ፈንታ ሳሚልኝ።

ስልኩ እስኪጮህ አጠገቡ የምትቀመጠው
እናትሽ