ቡናማዋ ውሻ ክፍሌ የገባች ዕለት

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ሲያስቸግርሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? አባባስ ሳሉ ቀለል አላቸው? ልጆቹ ጤና ናቸው? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ደህና ነኝ።

በላክሽልኝ ደብዳቤ “ዛሬም ውሻ ነው የምትስለው? ሰው አልቆብህ ነው?” ብለሽ ስቀሽብኛል። ሰው አላለቀብኝም፤ የምኖረው የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ሰው እየሳልኩ ነው። ግን ሰው እየተሳለ መሆኑን ሲያውቅ ፊቱን ያሳምራል። ውሻ ይህን አያውቅም። ሲያፍር ከጆሮው እስከ ጭራው ያፍራል፤ ሲደሰት ወገቡ ሳይቀር ይስቃል። ዓይኔን መንቀል የሚያቅተኝ ለዚህ ነው።

አሁን የምነግርሽ ግን እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። የምሠራበት ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንዲት ቡናማ ውሻ ወልዳ ነበር። በየቀኑ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስላታለሁ። ካበላኋት ዓይኗ እጄ ላይ ይቀራል ብዬ አንድም ቀን ቁራሽ አልወረወርኩላትም፤ ነክቻትም አላውቅም። ትውውቃችን በሩቁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከቀትር በኋላ የወረደው ዝናብ ሌላ ነው። መንገዱ ወንዝ ሆኖ ጎርፉ ምድር ቤቱ ገባ። መስኮት ልዘጋ ስነሳ የክፍሌ በር ተገፋ፤ ውሻዋ ናት። ውኃ እያንጠባጠበች፣ አንዱን ቡችላ በማጅራቱ አንጠልጥላ ገባች። ክፍሉን ቃኘችና እግሬ ሥር አስቀምጣው፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አይታኝ ተመልሳ ወረደች። ሌላ አመጣች። ደግሞ ሌላ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በልጅነቱ ተነክሶ ነው አሉ፣ ውሻ አይወድም። ግርግሩን ሰምቶ ብቅ አለና “ቤቱን በረት አደረግከው እኮ” አለኝ። ወዲያው ውሻዋ ባዶ አፏን ተመለሰች። ቡችሎቹን አሸተተቻቸው፤ ከዚያ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል እያየች ታላዝን ጀመር። ስስላቸው የከረምኩ ስለሆነ ግንባረ ነጩ እንደሌለ አየሁ። “አንዱ ቀርቶባታል” አልኩት።

ተከታትለን ወረድን። ውኃው ለእኔ ደረት ይደርሳል፤ ቁመቴን ታውቂው የለ። ልገባ ስል ልብስ ሰፊው ክንዴን ያዘና “አንተ ከገባህ የማወጣው ሁለት ነው” ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። ቡችላውን የሚንሳፈፍ ሣጥን ላይ አገኘው። ይዞት ሲወጣ ውሻዋ ፊት ለፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ፈራሁለት። እሷ ግን የያዘበትን እጅ ላሰችና ልጇን በጥርሷ ቀስ ብላ ከመዳፉ ተቀበለች። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ቆይቶ “ጥርሷ ነክቶኛል” አለኝ በለሆሳስ፤ “እንደ ላባ።”

እታለም፣ “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ሲባል ነው ያደግነው። ይቺ ከእኔ ምን በላች? ከእኔ በታች የምትኖረው መምህርት በሯ ክፍት ነበር፤ ትርፍራፊ የምታወርድላትም እሷ ናት። አልፋት ነው እኔ ዘንድ የወጣችው። ለካ እኔ ሳያት እሷም ስታየኝ ከርማለች። ምን አይታብኝ ልጆቿን እንደሰጠችኝ አላውቅም።

አሁን ሁሉም ደህና ናቸው፤ ክፍሌን ተረክበውኛል። ግንባረ ነጩን ጡት ሲጥል ልብስ ሰፊው ሊወስደው ነው። ከወዲሁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መኝታ ሰፍቶለታል፤ ስቄበት ተቆጣኝ።

ከዚህ ጋር የላክሁት ሥዕል የእሷ ነው። ልጆቹ “አጎታችን ዓይኗን ረሳው” እንዳይሉ ንገሪያቸው። አልረሳሁትም። ብዙ ሞክሬ ያን ዕለት ያየችኝን አስተያየት እጄ አልደርስበት ስላለ፣ ቦታውን ነጭ ትቼዋለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለአባባ እጅ ይነሳል በይልኝ፤ ብርድ እንዳይመታቸው። ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋን በርቺ በያት፤ የትንሹን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከላይኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን