የተኳረፉ ሰዎች የሚያነሡት ድስት

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

ጭጋግ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደቡ አይታይም። የጀልባዎቹ ሞተር ብቻ ይሰማል።

ቄስ ሎይስ ስለ ሀብታሙ ሰውና ስለ አልዓዛር ሰበኩ። "ሀብታሙ አልዓዛርን አልመታውም፣ አላባረረውም። ደጁ ላይ የተኛውን ማየት ነው ያቃተው" አሉ። ሚስተር ክራውሊ የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። በመስማማት! የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ በችግረኞች ላይ የቆለፈው ታዲያ ማን ሆነና?

ማስታወቂያው እንደ ወትሮው ከስብከቱ ረዘመ። ለችግረኞች ምግብ የምናድልበት ክፍል የታሸገ ዓሣ አልቆበታል። ሹራብ ሠሪዎቹ ሐሙስ ይገናኛሉ፤ ክር የተረፈው ያምጣ። ኦክቶበር 18፣ የቅዱስ ሉቃስ ዕለት፣ ዓመታዊው የቦሎቄ እራት። በማግስቱ ጳጳሷ ይጎበኙናል። "እባካችሁ፣ ቢያንስ የዚያን ቀን ወደ ፊት ጠጋ በሉ" አሉ ቄስ ሎይስ። ሁሉም ሳቀ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እኔም የኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ከጁን ወዲህ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለፈው በረዶ፣ ተጎታች ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች የማሞቂያ ጋዝ ሲያልቅባቸው አዳራሹን ማታ ማታ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰበካ ጉባኤው ፈቅዶልኝ። ሾርባ፣ ፍራሽ፣ የልጆች ጫጫታ... ደስ ይል ነበር። ፌብሩዋሪ ውስጥ ማንም ያላደረበት አንድ ሌሊት በሩ ተከፍቶ አደረ። ውርጩ ገባ፤ ቧንቧው ፈነዳ። ወለሉ ተነሣ፣ ፒያኖው አበቃለት። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ሚስተር ኤቨረት ክራውሊ፣ "መጨረሻ የወጣችው ታምሲን ናት" አለ። በቃ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ቆልፌ ነበር። ቁልፉ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቆዳዬን ልጦታል። እንዴት ነው ታዲያ ያልቆለፍኩት?

ከዚያ ወዲህ ማንም እዚያ አላደረም። ጁን ላይ ደግሞ ለቅስና እንዲደግፉኝ ጠየቅሁ። ሰበካ ጉባኤው ካልፈረመ ጳጳሷ ፊት መቅረብ አይቻልም፤ ሕጉ ነው። ነገረ መለኮት ተምሬ፣ ወንጌሉን በግሪክኛው አንብቤ መጥቼ... "ጥሪዋን አንጠራጠርም፤ ኃላፊነቱ ላይ ነው እንጂ" አሉኝ። "በር መዝጋት ያቃታት ልጅ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትጠብቃለች?" ይህን ያለው ሚስተር ክራውሊ ነው። ፈገግ ብሎ።

ውሳኔዬ፦ የጳጳሷ ጉብኝት እንዳለፈ እሄዳለሁ። ቦስተን፣ እኅቴ ዘንድ። ይህን መንደር ሳልሰናበተው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

አክስት ዶት ወጥ ቤት ጠራችኝ። አክስቴ አይደለችም፤ የሁሉም አክስት ናት። የእራቱም ጄኔራል።

"ዘንድሮ ድስቱን የምታነሡት አንቺና ኤቨረት ናችሁ።"

"ሞቼ ነው!"

"ሙቺ። ግን ከእራቱ በኋላ።"

ቦሎቄያችን የሚበስለው ምድር ውስጥ ነው። ጉድጓዱ በድንጋይ ይለበጥና እንጨት ይነድበታል፤ ፍም ሲሆን ቦሎቄ፣ ስኳርና የአሳማ ሥጋ የተሞላው ትልቁ የብረት ድስት ይወርዳል፤ አፈር ይለብሳል፤ አድሮ ይወጣል። ድስቱ በወፍራም አጣና ላይ ተንጠልጥሎ በሁለት ሰው ነው የሚሄደው። በእኛ አጥቢያ እነዚያ ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሲኮራረፉ የከረሙት ናቸው። ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚሸከሙት፤ አንዱ ወደ ኋላ እየተራመደ። አንዱ ዘንበል ካለ የፈላው ድስት ወደዚያው ይንሸራተታል። አምና በወጥመድ ገመድ የተጣሉት ሁለቱ ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች አነሡት። አልታረቁም። ቦሎቄው ግን አልፈሰሰም።

"ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም" አልኳት።

"ሕግማ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ ትጥሺው ነበር" አለችኝና ሽንኩርቱን ወደ እኔ ገፋችው።

ላጥኩ። የዶትን ሽንኩርት እምቢ ያለ የለም። አጣናውን ግን እምቢ እላለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ማዕበል እየመጣ ነው። ራዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ጭሱን ዓይናችን ውስጥ ከተተው። ከሰዓት በኋላ ፍሙ ደረሰና ድስቱ ወረደ።

ሚስተር ክራውሊ ሰማዩን አየና፣ "እራቱን እንሰርዘው" አለ።

"ምድር የዋጠውን እንዴት ነው የምትሰርዘው?" አለች አክስት ዶት። "አሁን ከተከፈተ አየር ይገባዋል፤ ፍሙም ቦሎቄውም ያልቃል። ይልቅ አፈሩን መልስ!"

አካፋ አነሣ። እኔም አነሣሁ። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ሽማግሌ ነው፤ ግን ሲዝቅ አይጎብጥም። ጠላሁት። እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው እንዴት ይዋሻል? ወይስ የሚያምንበት ነው? እሱ የባሰ ነው።

መብራት ጠፋ። በሻማ ነው የምጽፈው። ጣራው ያቃስታል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18፣ ጠዋት

እስካሁን መብራት የለም። ከዚህ እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው ዛፍ ሁሉ ተኝቷል። ጳጳሷ መድረሳቸውን እንጃ። ዝናቡ አላባራም... ሌሊቱን ሙሉ ጉድጓዱ ላይ ሲወርድ ነበር። ውኃ ገብቶበት ይሆን? ማንም አይጠይቅም። ሁሉም ግን በመስኮት ያያል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19፣ ጎሕ ሲቀድ

ትናንትን እንዴት ልጻፈው?

አመሻሽ ላይ በባሕሩ ዳር መንገድ መኪኖች መታየት ጀመሩ። የጠበቅነው የራሳችንን ሰው ነበር፤ በየዓመቱ የእራቱን ካርድ የሚገዛውን። መብራታቸውን አብርተው ተራ በተራ ይመጣሉ፣ አያልቁም። የተጎታች ቤቶቹ ሰዎች። ከእነ ጎማ ቦቲያቸው ዓሣ አጥማጆች። የአረጋውያን መጦሪያው ሚኒባስ። ቤተ ክርስቲያን ደጃችንን ረግጠው የማያውቁ። የሁሉም ምድጃ ቀዝቅዟል፤ ቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ትኩስ ምግብ አለ የሚል ወሬ ግን ማን እንደ ነዛው እንጃ። ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

ሚስተር ክራውሊ የአዳራሹ በረንዳ ላይ ቁልፉን ጨብጦ ቆሟል። "ወለሉ አዲስ ነው... ሁሉንም አይችልም" ይላል። ለማን እንደሚናገር አላውቅም።

ሮንዳ ከፊቱ ቆመች። ባለፈው በረዶ ልጆቿን ይዛ አዳራሹ ውስጥ ስታድር የነበረችው ናት። ትንሿን ታቅፋለች። አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው ያስደነገጠኝ። "ሚስተር ክራውሊ፣ ጫማችንን እናወልቃለን" አለችው።

ሰውየው ቀላ። በሩን ከፈተው።

ከዚያ ጉድጓዱ። እንዴት እምቢ ልበል? ያ ሁሉ ሰው ይጠብቃል። አፈሩን ጠረግነው፤ ጭቃ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ልቤ ወረደ። እሱም ቆመ። አንድ አካፋ ጨመርኩ። ደረቅ አፈር! ሌላ። ሞቀ። ከዚያ እንፋሎቱ ወጣ፤ ቀጥ ብሎ፣ ዝናቡን ሰንጥቆ። ሽታው፣ ስኳሩና የአሳማው ሥጋ፣ መንገዱ ድረስ ሄደ መሰለኝ፤ መጨረሻ ላይ የቆሙት ሰዎች ቀና ሲሉ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቦሎቄ እኮ ነው፣ ታምሲን! ቦሎቄ! ያን ሁሉ ውኃ ተሸክሞ፣ ማንም ሳያየው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያደረ...

አጣናውን አነሣን። ወደ ኋላ የሚሄደው እሱ ሆነ።

"ደረጃ አለ" አልኩት።

"የት?"

"ከእግርዎ ኋላ። አሁን። ቀስ ይበሉ።"

ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው። ሌላ የሚያይበት የለውም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመ።

"ታምሲን... የዚያን ሌሊት ማሞቂያውን ላይ ብዬ መጥቼ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ።"

"ምን?"

"ስወጣ ቁልፉ አልዞር አለኝ። ብርዱ... ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ገፋ አድርጌው ሄድኩ።"

አጣናው ዘነበለ። የእኔ እጅ ይሁን የእሱ አላውቅም። ድስቱ ወደ እሱ ተንሸራተተ። ልልቀቀው? አዎ፣ አሰብኩት። ለራሴ ስለምጽፍ አልዋሽም። ለአንዲት ቅጽበት አሰብኩት።

"ይያዙት!" ብዬ ጮህኩ። ቀና አደረግሁት።

"ምን ትገተራላችሁ? ሕዝቡ ተርቧል!" አክስት ዶት ናት፣ ከኋላ።

"ለእኔ አይደለም የሚነገረው" አልኩት በሹክሹክታ። "እኔማ እንደ ቆለፍኩ ዱሮም አውቃለሁ። ለእነሱ ይንገሩ።"

ገባን።

አዳራሹ በፋኖስ ብርሃን ጢም ብሏል። አንዲት ረጅም ሴት የመብራት ሠራተኞች መኪና ላይ ተጭና መጥታ፣ የዝናብ ካፖርቷ ውኃ እያንጠባጠበ ሰልፍ ይዛለች። ዶት አየቻትና፣ "አንቺ ረጅሟ! እጅሽ ባዶ ነው፣ ነይ ዳቦ ቁረጪ" አለቻት። ሴትዮዋ ሄዳ ቆረጠች። ካፖርቷን ስታወልቅ ነው ሐምራዊው የጳጳስ ሸሚዝና መስቀሉ የታየው። ዶት ጳጳሷ መሆናቸውን አይታም፣ "ዳቦውን ቀጠን አድርጊው" አለች እንጂ ቢላዋውን አልተቀበለቻቸውም።

ቄስ ሎይስ ከማዕዱ ጸሎት በፊት ሰብሳቢው እንግዶቹን ይቀበል አሉ። እንደ ልማዱ። ሚስተር ክራውሊ ወደ መሐል ወጣ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።

"እንኳን ደኅና መጣችሁ" አለ። "አዳራሹ የእናንተ ነው። ዓመቱን ሙሉ የእናንተ መሆን ነበረበት። በሩን ክፍት ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። በዚች ልጅ አሳበብኩ። ሳላውቅ አይደለም... አውቄ ነው።"

ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ሁሉም ፊት ጎበጠ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ! ሕልሜ ውስጥ እስቅ ነበር። ትናንት ግን የፈራሁት... እግዚአብሔርን የፈራሁ መሰለኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ የነበረ፣ ድስቱ አጠገብ።

የሮንዳ ትንሿ ልጅ፣ "እማ፣ መቼ ነው የምንበላው?" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቄስ ሎይስ ባረኩ።

ድስቱ ለሁሉም በቃ ብዬ አልጽፍም። አልበቃም። ኋላ የመጡት ዳቦና የታሸገ ዓሣ ነው የደረሳቸው። ሆኖም የሄደ የለም። አሁን ይህን ስጽፍ አዲሱ ወለል ላይ ሰው በሰው ተኝቷል። ጳጳሷ ጥግ ላይ ካፖርታቸውን ተከናንበው ያንኮራፋሉ።

ይቅር አላልኩትም። ዛሬ አልችልም። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ማታ ብርድ ልብስ ሲያቀብለኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ፈረሙ። ሁሉም። ሐሳቡን ያቀረበው ሚስተር ክራውሊ ነው፤ ከዚያ ሰብሳቢነቱን ለቀቀ። "ተው" ያለው ሰው ነበር። እኔ አይደለሁም። መልቀቅ አለበት። አዳራሹ ከኖቬምበር ጀምሮ ማታ ማታ ይከፈታል፤ የዚያን አሮጌ ማሞቂያ ጠባይ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ተረኞቹ እሱና እኔ ሆንን። "ከሷ ጋር?" አለ። "ከሱ ጋር?" አልኩ። አክስት ዶት፣ "እሰይ፣ መስማማት ጀመራችሁ" አለች።

ለእኅቴ ደወልኩ። "አልመጣም።" "ምነው፣ ታመምሽ?" አለችኝ።

ሁሉም ወጥቶ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ላመሰግን ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም። እኔ! ቃል አጥሮኝ የማያውቀው። ይኼን ሁሉ ወር ስታገል ፊቴ የነበሩት የከለከሉኝ ሰዎች ናቸው። የጠራኝን ዞሬ አላየሁትም ነበር። አሁን ማንም አይከለክለኝም። በእኔና በእሱ መካከል የቆመ ሰው የለም።

"እውነት እኔን ነው?" አልኩ።

ጸጥታ። ትልቅ ጸጥታ።

መሠዊያው ፊት እስኪመሽ ቆምኩ። ከዚያ፣ በእኛ ዘንድ ማንም የማያደርገውን፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።