ሣህሊቱ የማታውቀው ዐመፀኛ

ለተከበሩ የሠፈራችን የታሪክ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፤
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እንቅልፍዎንም ያጣፍጠው እያልኩ፣ እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ቀናት ስላለፉኝ ይህን ደብዳቤ በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለፈው ቅዳሜ በስደት በምንኖርበት ሠፈር፣ ሬኒየር ቢች በሚገኘው አዳራሽዎ፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ስላመፀው የዌልስ ሰው ስለ ኦዌን ግሊንዱር ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እኔ የመጣሁት ከእናንተ ቀጥሎ ለሚሰበሰበው ዕድራችን ሲሆን፣ ቀደም ብዬ ስለ ደረስኩ ተቀመጥኩ። ተናጋሪው የተቃጠሉትን ምሽጎች ሲዘረዝሩ መውጫው በር በየት በኩል እንደሆነ ደጋግሜ አረጋግጥ ነበር። በመጣሁበት አገር ስለ ዐማፂ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ወይ ደፋር ነው ወይ ጆሮ ጠቢ።

2ኛ. በመጨረሻ ስለዞረው ወረቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የዕድሩ የስም መቆጣጠሪያ መስሎኝ ፈረምኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሣህሊቱ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ እንደ ልማዳችን ቀሪ እንዳትባል ለእርሷም ስሟን፣ ስልኳንና የአፓርታማ ቁጥሯን ጽፌ ፈረምኩላት። ማክሰኞ ዕለት አራት አንበሳ ያለበት ባንዲራ የታተመበት ደብዳቤ ደረሳት፤ «የዐመፀኛው ወዳጆች» የተባለው የማኅበርዎ ክፍል አባል በመሆኗ እንኳን ደስ አለሽ ይላል።

3ኛ. ሣህሊቱ የፊታችን ሐሙስ የዚህን አገር ዜግነት ለማግኘት ቃለ መጠይቅ አለባት። የማንኛውም ማኅበር አባል ሆነሽ ታውቂያለሽ ወይ ተብላ በመሐላ ትጠየቃለች። አይደለሁም ብትል ደብዳቤው አለ፤ ነኝ ብትል ስለ ዐመፀኛው ሊጠይቋት ነው፤ ጎረቤቴ ነው የፈረመልኝ ብትል ደግሞ እኔ አለሁበት። ልጇ መክሊት «ማሚ፣ ሜይሊንግ ሊስት ብቻ ነው፣ ሪላክስ አድርጊ» ትላታለች፤ ደብዳቤ የሚላክላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው ማለቷ ነው። ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ስላደገች አልፈርድባትም። እኔ ግን አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የኤርትራውያን ማኅበር መዝገብ ላይ በደስታ ፈርሜ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስሜ ከዚያው ተነቦ ከነቤተሰቤ ከአገር ተባርሬ ወደ ድንበር በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተጭኛለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢሉኝ አልቀየምም፤ እፈራለሁ፣ ለራሴም ለእርሷም እፈራለሁ።

ዐመፀኛው በመጨረሻ ሲሰወር፣ ወዳጆቹ ያለበትን ሳይናገሩ ቀሩ ሲባል አዳራሹ በጭብጨባ ተሞልቶ ነበር። ዕድለኞች ናቸው፤ አድራሻቸውን በንጹሕ ጽሕፈት የሚሞላላቸው ጎረቤት አልነበራቸውም።

ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብዎ ግን አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በፍርሃት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

በርሀ ወልደ ሥላሴ
(አድራሻዬ እርስዎ ዘንድ አለ።)

ማስታወሻ፦ ይህን ከመላኬ በፊት ስሟ እንዲሰረዝላት ላቀረብነው ጥያቄ፣ ከፈለገች ራሷ ቀርባ ትፈርም ሲሉ በኢሜይል ስለሰጡን ፈጣን ምላሽ እናመሰግናለን። ሣህሊቱ ግን ከእንግዲህ በምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አልፈርምም ብላለች። ለሐሙስም፣ በቃለ መጠይቁ ሰዓት፣ የሥራ ፈረቃ ወስዳለች።