እርቁ ሳይወርድ

ሐምሌ 29
ዝናብ። ስንቅ ይዤ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ፈታሹ ሽሮውን በማንኪያ አማሰለው፤ ምን ሊያገኝ እንደሆነ እንጃ። ባሌ ጂሬኛ ከስቷል። ቦታ ጠቦ በተራ ነው የሚተኙት። ሳሉ ደግሞ ብሶበታል።
አንድ ደህና ወሬ አለ ግን። ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ይደረጋል። ነፍስ ያጠፋም ቢሆን፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ ካወረደ ይታይለታል ተባለ። ድሮ ይሄ የት ነበር! እርቁ ነሐሴ ሳያልቅ ይውረድ ብቻ።

ነሐሴ 4
አስታራቂው ሽማግሌ ኦቦ ፈይሳ ከጂሬኛ አገር ከሲሬ ደወሉ። የሟቹ የተረፋ ወንድሞች እሺ አሉ! የጉማው፣ የደም ካሳው እርቅ የፊታችን ቅዳሜ ነው።
በድንበር ጠብ፣ በአንድ ዱላ... አብሮ አደጉን ተረፋን። ጂሬኛዬ! ለልጄ ለሊሊሴ "አባትሽ ለእንቁጣጣሽ ይመጣል" አልኳት። ቸኮልኩ መሰለኝ።

ነሐሴ 6
የተረፋ እናት አዴ በቀለች ዐረፉ። ወይኔ! ጂሬኛን ከልጃቸው እኩል አብልተው ያሳደጉ ሴት። እንዴት ይቀራል? እማዬን ጠየቅኳት። "ሞት ባለበት ምን ጠብ አለ? ሂጂ ድረሺ።" የወሎ ሰው ናት፤ እኛ ቤት የተጣላ ሰው ለቅሶ ከደረሰ ግማሹ እርቅ እዚያው ያልቃል። ነገ በጠዋት ሲሬ።

ነሐሴ 7
ምን አደረግኩ?
ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ የእውነቴን። መዝሙሩ ቆመ። የተረፋ ታላቅ ወንድም ቀነአ ተነስቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኦቦ ፈይሳ ክንዴን ይዘው አወጡኝ።
"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ነካሽ? ጉማው ሳያልቅ የገዳይ ቤት ሰው የሟችን ደጅ ይረግጣል?"
"ላለቅስ ነው የመጣሁት፣ ኦቦ።"
"እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን ንቀት ነው የሚሉት።"
ይሄን ሁሉ ዓመት በትዳር... ደም የተቃቡ አብረው እንደማይበሉ፣ በአንድ ዕቃ እንደማይጠጡ አውቃለሁ። ለቅሶን ማን ጠረጠረ?

ነሐሴ 9
ቅዳሜ። እርቁ ቀረ።

ነሐሴ 27
ኦቦ ፈይሳ ቢመላለሱም ቀነአ ወይ ፍንክች። "የእናቴ ዓመት ሳይወጣ አታንሱብኝ" ብሏል። ማረሚያ ቤት ሄጄ ለመንኩ። "እህቴ፣ እርቅ ከሌለ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም" አለኝ ኃላፊው። ትሁት ነው፤ እንዳልሰድበው እንኳ።
ሕጉን አሻሻሉ ይላሉ። የበሩን ቁልፍ ለቀነአ ሰጡት እንጂ ምን አሻሻሉ? ቀነአንስ ምን ልበለው? ወንድሙ ነው የሞተበት። አናደደኝ፤ ደግሞ አሳዘነኝ።

መስከረም 1
የተፈቱት ሲወጡ በሩ በእልልታ ተናጋ። ጂሬኛ አጥሩ ጋ ቆሟል። ማን እንደነገረው እንጃ፣ ሁሉን ሰምቷል። እስኪቆጣኝ ጠበቅኩ።
"ለአዴ አለቀስሽላት?"
"አለቀስኩ።"
"ድምፅ አውጥተሽ?"
"አዎ።"
"ደግ አደረግሽ። እኔ ተሸፋፍኜ ነው ያለቀስኩት። የገዳይን እንባ ማን ያምናል?"
ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። በሰው እልልታ መሃል አጥሩን ይዘን አለቀስን፤ ሁለታችንም፣ ድምፅ አውጥተን።