በቀይ ያረምኩብሽ ደብተር

ሐዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሙሉዬ፣

መልሱን ከማብራሪያው አስቀድሜ ልጻፍልሽ፦ አልታመምሽም። ይህችን መስመር ብቻ አንብበሽ ደብዳቤውን ብታጥፊው እንኳ ዋናውን ይዘሻል። ስልኬን ስለማታነሺ ልጃችን ፀደይ ይርጋለም እኅትሽ ቤት ድረስ ይዛልሽ ትመጣለች።

ደብተሩን የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። የመርሳት በሽታ የያዘሽ መስሎኝ፣ የተሳሳትሽውን ሁሉ በቀንና በሰዓት እየመዘገብኩ በቀይ አርም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ያለ ማስረጃ ፈርጄ አላውቅም፤ በሚስቴም ላይ ያለ ማስረጃ አልፈርድም አልኩ። ሐምሌ ላይ ዶክተር ዋሲሁን ጋ ስንሄድ ስድሳ ስሕተት ሞልቶ ነበር። አንቺ ክንድሽን ለመርፌ ስትሰጪ ፈራሽና፣ እንዳትፈሪ ብዬ እኔም አብሬሽ ደሜን ሰጠሁ። “ለማወዳደሪያ ይሁን” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቅሽም።

ውጤቱ ሳይመጣ ነሐሴ 21 ደረሰ። የጸሎት እኅቶችሽ ሳሎን ሞልተው ሳለ ደብተሬን ይዤ ገባሁና “ሙሉዬ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?” አልኩሽ።

“ረቡዕ ነዋ።”

“ሐሙስ ነው” አልኩና እዚያው ፊታቸው ኤክስ አደረግሁብሽ።

ከሴቶቹ ግማሾቹ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። ጋሽ ደበሌን ማረም ነውር ሆኖባቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ማረጋገጫ ቆጠርኩት። አንቺም አንድ በአንድ አየሻቸው። አንዷም “ረቡዕ ነው” ሳትል ስትቀር፣ ያን ጊዜ ራስሽን መጠራጠር እንደጀመርሽ አሁን ይገባኛል። ሻንጣሽን ስትዘጊ “የሰው ልጅ ስታርም ኖረሃል፤ ቀይህን ይዘህ ቅር” አልሽኝ። መናኸሪያ ድረስ እንኳ አልሸኘሁሽም።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ዶክተሩ አስጠራኝ። ደብተሩን አገላብጦ ሲያበቃ ዘጋው።

“ጋሼ፣ ይህን የሞላው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ያረመውስ?”

“እኔው።”

“ታዲያ ፈታኙን ማን ፈተነው?”

በደም ውስጥ የሚለኩት ፕሮቲን አለ። በዚህ በሽታ አንጎል ሲጎዳ መጠኑ በደም ውስጥ ይጨምራል። ያንቺ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው። ከፍ ብሎ የተገኘው የእኔ ነው። ስሞቹ ተለዋውጠው ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ፤ ደሜን ደግመው ወሰዱ፤ ያው ሆነ። “ደም ብቻውን አይፈርድም” አለና ለሌላ ፈተና አስቀመጠኝ። አምስት ቃል ነግሮኝ ትንሽ ቆይቶ ጠየቀኝ። ሁለቱን መለስኩ። ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እያለ ሲያስቀንሰኝ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። እኔ፣ ሙሉዬ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም።

ደብተሩን ከፀደይ ጋር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እንደገና አረምነው። ከስድሳ አንዱ አርባ አራቱ ላይ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት፦ “ይህን እኮ ጠዋት ነግረኸኛል” አልሽኝ፤ አልነገርኩሽም ብዬ ኤክስ አደረግሁ። ፀደይ ጠዋት ስነግርሽ አጠገባችን ነበረች። “አባዬ፣ ይኼንንም?” እያለች ታነብልኝ ነበር። የቀሩት አሥራ ሰባቱ መነጽር የት አደረግሁት ዓይነት ናቸው፤ እነዚያን ማንም ይስታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ፀደይ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የእኅትሽን የልጅ ልጅ ማቀፍ ትተሻል አሉ፤ የሆነ ቦታ አስቀምጬው እረሳለሁ ብለሽ። ቤተ ክርስቲያንም ቀርተሻል። ያንን ፍርሃት ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። ልጁን እቀፊው። ምንም አትሆኚም።

የእኔን በሽታ የሚመልስ መድኃኒት እንደሌለ ዶክተሩ ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። እንድታስታምሚኝ አልጠይቅሽም፤ ፀደይ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤቷ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። የጸሎት እኅቶችሽንም ሰብስቤ ያን ቀን ረቡዕ እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። አንዷ “እናውቅ ነበር፣ ጋሼ” አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለአንድ ቀን ነይ፣ ካልሆነም ስልኬን አንሺ። ይቅርታ በወረቀት መጠየቅ አይበቃኝም፤ ደግሞም ብዙ ብትቆዪ ስትመጪ በትሕትና አስቀምጦሽ ደኅንነትሽን የሚጠይቅ፣ እንደበደለሽ ግን የማያውቅ ሰው ልታገኚ ትችያለሽ። ያ ሰው ይቅርታ ቢልሽ እንኳ ዋጋ የለውም። ያደረግሁብሽን ዛሬ አውቀዋለሁ።

ባልሽ
ደበሌ