ያረፈው መስኩ ነው፣ እኔ አይደለሁም

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስቴር
የይዞታ ምዝገባ መምሪያ
ለክቡር የመምሪያው ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በመዝገብ ላይ በስህተት መሞቴ እንዲታረምና የሠላሳ አንድ ቤት የጋራ መስክ እንዳይታጠር ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምታሰፍርልኝ ከመሥሪያ ቤትዎ በር ፊት ለፊት በጃንጥላ ሥር የምትቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታለሰልሳለች። ሻካራ ሆኖ ያለፈ ቃል ካለ የእኔ ነው፤ እሷን አይውቀሱብኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

1. ከመንደራችን በታች ያለው መስክ የሠላሳ አንድ ቤት የጋራ ግጦሽ ነው። ከብቶቻችን እስከ አፈሩ ጋጡት፤ ቦረቦር ሰነጠቀው፤ በግርጌው ያለችው ምንጭም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ ተሰብስበን ሁለት ክረምት አንድም ከብት እንዳይገባበት ተስማማን፤ ጠባቂም እኔን መረጡ። ለምን እኔን ቢሉ፣ የሰው ላም ከማባረሬ በፊት የራሴን ስለማባርር ነው። የገዛ ወንድሜን በሬ ሁለት ጊዜ አባርሬበታለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ “ክቡር ሚኒስትር” እያለ ይጠራኛል። የማንንም ወንበር አልተሻማሁም፤ ስሙን ያወጣው እሱ ነው።

2. ባለፈው ወር ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ባለሙያ መጣ። ትሁት ልጅ ነው። ጫማው ጭቃ እስኪጠግብ ዙሪያውን ዞሮ ለክቷል፤ ይህን አልክድም። ታብሌቱን ይዞ “የመስኩ ባለይዞታ ማን ነው?” አለኝ። ጠባቂውን መጠየቁ ነው ብዬ ስሜን ከነአባቴ ጠራሁለት። “እኔ ነኝ” ማለትን አልጨመርኩም። በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ለሰው አስተዋውቄ ስለማላውቅ ነው፤ ይህቺን ጥፋት እወስዳለሁ። ዓይኑን ከታብሌቱ ሳያነሳ “አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?” አለ። ስለ መስኩ የጠየቀኝ መስሎኝ “አርፏል” አልኩት። “መቼ?” “ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።” “አዝናለሁ አባባ” አለኝ። እኔም “ምኑ ያሳዝናል፣ ይኸው እንዴት አምሮበታል!” ብዬ መለስኩለት። ትንሽ አየኝና ጻፈ።

3. የወጣውን መዝገብ የመንደሩ አስተማሪ አነበበልኝ። “ባለይዞታ፦ አርፈዋል። ከብት አልታየም። መሬቱ ጥቅም ላይ ያልዋለ” ይላል። እኔ “አርፏል” ያልኩትን ልጁ “አርፈዋል” ብሎ በአንቱታ ከፍ አድርጎታል። ለአክብሮቱ አመሰግናለሁ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ እስካሁን ያገኘሁት ይኸው ብቻ ነው። ከብት ያልታየበት ደግሞ እኔ ሥራዬን ስለሠራሁ ነው። መስኩ “ነጻ መሬት” ተብሎ ለአሸዋና ጠጠር ማከማቻ ተመድቧል። ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን እንደሚታጠር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሣሩ ዘሩን ለመጣል ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ለአጥሩ ግን የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። አንድ ገልባጭ መኪና ከገባበት የሁለት ክረምት ድካማችን ከጎማው ሥር ይቀራል።

4. አቤት ለማለት ወደ ሕንፃዎ መጣሁ። ሣሩ ሁለተኛ ፎቅ ነው አሉኝ። ምንጩ አራተኛ ፎቅ፣ ድንጋዩ ምድር ቤት፣ አፈሩ ደግሞ ከገበያው ማዶ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። “ላም አለኝ በሰማይ” ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሣሩም ሰማይ ላይ ኖሯል። ላሜ ሣር ስትግጥ ሁለተኛ ፎቅ ናት፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ውኃ ስትጠጣ አራተኛ ፎቅ ደርሳለች። እበቷ ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ ጠይቄ የሚነግረኝ አጣሁ። ጸሐፊዋ “ይህን እንተወው አባባ” ብላኛለች፤ አልተውነውም። እናንተ በየፎቁ የበታተናችሁት አንድ መስክ ነውና።

5. በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት ደረስኩ። ያለችው ሠራተኛ “እርማት ማመልከት የሚችለው ባለይዞታው ብቻ ነው” አለችኝ። “እኔ ነኝ” አልኳት፤ ተምሬያለሁ። “ባለይዞታው አርፈዋል።” “ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?” ስላት ሳቋን በመዝገቡ ሸፈነች። ደግ ልጅ ናት። ጎንበስ ብላ፣ “አባባ፣ ልጅዎ እንደ ወራሽ ያመልክት፤ በአንድ ቀን በስሙ ይዞርለታል” አለችኝ።

ልጄ ግንበኛ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። “አባዬ፣ ወረቀት ላይ ብትሞት ምን ይጎልብሃል? እሺ በልና አጥሩ ይቅር” አለኝ። እኔ ግን እሺ አላልኩም። ዛሬ ሣሩን ለማዳን በልጄ ስም ቢገባ፣ ነገ ሠላሳ ቤት ከልጄ ደጅ ቆሞ ሊለምን ነው። ልጄ ቢሰጥ እንኳ የልጄ ልጅ ላይሰጥ ይችላል። ሞኝ የተከለውን ሊቅ አይነቅለውም፤ ያን ሞኝ ደግሞ እኔ አልሆንም። ይህን ስነግረው ተኳረፍን፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በእናቱ በኩል ነው፣ እሷም ሰልችቷታል።

6. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለው ነው።

ሀ) ከሃያኛው ቀን በፊት አጥሩ እንዲቆምና ሣሩን በዓይኑ የሚያይ ሰው እንዲላክ፤ ከየትኛውም ፎቅ ይሁን፤

ለ) በመዝገቡ “አርፈዋል” የተባለው መስኩ እንደሆነ ተጽፎ እንዲታረም፤

ሐ) ሟችን ከመዝገብ ማንሳት ከዘጠኝ ቀን በላይ የሚፈጅ ከሆነ ይተዉት፣ እንደሞትኩ ልቅር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንዱን ቤት ሰብስቤ ጥበቃውን በገዛ አፌ አስረክቤያለሁ። ከሞቱ ይልቅ ይህ እንደከበደኝ አልደብቅዎትም። በምትኬ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን መርጠናል፤ ስሟ በአባሪው ላይ አለ። መስኩ የሠላሳ አንዱ ቤት እንደሆነ፣ እሷም የመስኩ ጠባቂ እንደሆነች ይጻፍ። በሕይወት ስለመኖሯ ማስረጃ ካስፈለገዎ አንዲት ላም ወደ መስኩ ነድተው ይሞክሩ።

በሕይወት ካለ ሰው የአክብሮት ሰላምታ ጋር

(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)
የጋራ መስኩ የቀድሞ ጠባቂ
ስም፦ በመዝገቡ እንደሰፈረው

አባሪ፦ የሠላሳ አንድ ቤት ፊርማና አሻራ ያለበት ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ገጽ