ዕጣ የበተነው ቅሬ

ደሴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጁነይድ፣ ባሕር ዳር

አሰላሙ አለይኩም የኔ ዓለም። ሰላም ነህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። በስልክ ብጀምርልህ «እማ፣ እሱ እኮ ጥናት ተደርጎበታል» ብለህ ታቋርጠኛለህና ዛሬ ብዕር ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ሸዋዓለም ሞተች። ሆጤ ሰፈር አጥር ለአጥር የኖርነው፣ አንተን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ ሸዋዓለም። እኔ የሰማሁት ከተቀበረች ከስንት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም የቅሬያችንን ዳኛ ሚስባህን ገበያ ላይ አግኝቼው። «እታለም፣ ለቅሶ ላይ ሳጣሽ ታመሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከቅሬያችን ሰው ሞቶ ከቀብሩ ቀርቼ አላውቅም። እስላም ክርስቲያን ሳንል አብረን ስንቀብር፣ አብረን ስንጽናና የኖርን ሰዎች፣ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲታደለን ዕጣ እንደ ቆሎ በተነን። አንዱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ እኛ ወደ ገራዶ መውጫ። እንግዲህ የቅሬው ጥሩምባ ቢነፋ ማን ይሰማዋል?

ከሚስባህ ጋር ቤቱን ያደለን ቢሮ ድረስ ሄድን። ዕጣችንን እንለዋወጥ፣ ባንድ ሕንፃ እንሰብሰብ፣ አቅመ ደካማው ምድር ቤት ይግባ አልን። አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እናቴ፣ ዕጣ እኮ ነው፤ ጎረቤት አብሮ አይታደልም» አለኝ። የኔ ልጅ ቢሆን በበርበሬ ባጠንኩት!

አንተም ብትሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለህም፤ ይህን ሰፈር ከነደፉት አንዱ ነህ። «ወደ ላይ ካልወጣን ማሳው ሁሉ ቤት ሆኖ ያልቃል» ያልከኝ እውነትህን ነው። ፎቅ አልጠላሁም። ውሃው ቤት ውስጥ ይፈሳል፣ ሽንት ቤቱም የራሳችን ሆኗል፤ ለዚህ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ግን ሰውን እንደ ብሎኬት ስትደረድሩ ማን ከማን ጋር ይኑር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ? ለመኪና ማቆሚያ አስባችሁ ለለቅሶ ድንኳን ቦታ አጣችሁ?

ሰኞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመልሰን እንሄዳለን። እምቢ ካሉ የሸዋዓለምን አርባ እዚያው በራፋቸው ላይ ድንኳን ጥለን እናወጣለን። ያኔ ጎረቤት ምን እንደሆነ ያያሉ።

ስለ አባትህ አታስብ፣ ደህና ነው። ጉልበቴን ነው ይላል። አራተኛ ፎቅ ከወጣ ወዲህ ግን አልወረደም፤ ለጁምዓ እንኳን። አዛኑን በመስኮት ነው የሚሰማው።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ የልጅ አባት ያድርግህ።

እናትህ ዘይቱና

ይህን ላልጽፍልህ ነበር። ትናንት አባትህ በሩን ከፍቶ ደረጃውን ሲያይ ቆየና «ዘይቱና፣ ቃሬዛ እዚህ ጋ ይዞራል?» አለኝ። ምን ልበለው? አንተ ነህ የነደፍከው፤ መጥተህ አንተው መልስለት።